አዲስ ለመጣችሁ፦ ስለ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክታችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየወሩ አንድ ሁለት አዲስ ሰው ይመጣልናል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳ ግቢ የሚመጣ አለ፤ ከፖሊ ግቢ የሚመጣ አለ። ቀን ሞባይል እየጠገነ ማታ ኮድ የሚማርም አለ። ጥያቄያቸው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ያንኑ መልስ በቴሌግራም በአውራ ጣቴ መጻፍ ሰለቸኝና አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የጎደለ ካለ ጠይቁ፣ እጨምራለሁ።

ፕሮጀክቱ ምን ይሠራል?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ ይቀይራል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ስትፈልጉ ፊደል ያቃናል።

ሁለተኛው ግር ካላችሁ የከተማችንን ስም እዩት። አንዱ «ባሕር ዳር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ባህር ዳር»። ስናነበው ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተር ግን ሕ እና ህ የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ ላይ በ16 ቦታ ይራራቃሉ። አንድ ሆቴል በአንዱ ተመዝግቦ እንግዳው በሌላው ከፈለገ «አልተገኘም» ይባላል። ሆቴሉ እኮ ጣና ዳር ቆሟል! ዓባይና አባይ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሥራና ስራ፤ ጣጣው ብዙ ነው።

የእኛ ኮድ እነዚህን ለፍለጋ ብቻ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። የጻፋችሁትን አይነካም። (ይህን የምለው አንድ አባት «ፊደላችንን ልታጠፉ ነው?» ብለው ስለተቆጡን ነው። አናጠፋም።)

ለብቻው የሚከፈት አፕ አይደለም። ሌሎች ፕሮግራመሮች አፓቸው ውስጥ የሚያስገቡት ቁራጭ ነው፤ ላይብረሪ የሚባለው።

ኦፕን ሶርስ ማለት በነጻ ማለት ነው?

በነጻም ይገኛል፣ ቁም ነገሩ ግን እሱ አይደለም። ዋናው ነገር ኮዱ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። ታነቡታላችሁ፣ ትቀይሩታላችሁ፣ ለሌላ ሰው ትሰጡታላችሁ። ሊኑክስን (ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰውን መሠረታዊ ፕሮግራም) ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ተማሪ ሳለ ሲጀምረው እንዲሁ ለራሱ ነበር። ዛሬ አንድሮይድ ስልካችሁ ሥር ያለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኮድ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ስላያችሁት ብቻ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ባለቤት ያለው ሥራ ነው። ባለቤቱ ፈቃድ ጽፎ ካልሰጠ ዝም ማለቱ ክልከላ ነው።

የእኛ ፈቃድ ኤምአይቲ ይባላል። አጭር ናት፣ የታዘዘ ሻይ እስኪመጣ ተነብባ ታልቃለች። የባለቤትነት መግለጫውን አትፍቁ፣ ከዚያ ውጭ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ቢበላሽ ግን እኛን አትክሰሱ ነው የምትለው። እናንተ የምትልኩት ሥራም በዚሁ ፈቃድ ይገባል። ተቀጣሪ ፕሮግራመር ከሆናችሁ መጀመሪያ የሥራ ውላችሁን አንብቡ።

ኮድ አልችልም። ምን ላግዝ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

አንድ ቅዳሜ አንደኛው ልጃችን እናቱን ይዞ መጣ። ከዘጌ ቡና ይዘው ለገበያ መጥተው ነበር። ሸጠው ጨርሰዋል፣ የሚመልሳቸውን ጀልባ እየጠበቁ ነው። ልጁ «እማዬ፣ የምንሠራውን ላሳይሽ» ብሎ ላፕቶፑን አዞረላቸው። እሳቸውም እንደ ቀልድ «እስቲ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው መቼ መቼ እንደሆነ ጠይቀው» አሉ። ኮምፒውተሩ 2012፣ 2016፣ 2020 ብሎ ዘረዘረ።

ሴትዮዋ ሳቁ። «2016 ዮሐንስ አይደለም እንዴ? ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ሉቃስ ሲያልቅ ነው።»

ዝም አልን። ከዚያ አንዱ ወረቀት አወጣ። 5500 ሲደመር 2015፣ 7515። ለአራት ሲካፈል ሦስት ይቀራል፤ ሦስት ከቀረ ዘመነ ሉቃስ ነው። 5500 ራሱ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈል ይበቃል። ሦስት ከቀረ ጳጉሜ ስድስት ናት፦ 2011፣ 2015፣ 2019። እኛ ግን የፈረንጁ ልማድ ይዞን «ምንም ካልቀረ» ብለን ጽፈን ነበር። በዚህች አንዲት ቁጥር ምክንያት የ2016 ቀኖች በሙሉ በአንድ ቀን ተዛንፈው ኖረዋል። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው። የእኛው ኮድ 11 ይል ነበር።

አንድ ቁጥር ቀየርን። የሴትዮዋ ስም ዛሬ አስተዋጽዖ ካደረጉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። አንድ መስመር ኮድ አልጻፉም።

ስለዚህ ስህተት መፈለግ ሥራ ነው። ስታገኙ ግን «አይሠራም» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። እንዲህ በሉ፦ «ጳጉሜ 6፣ 2015 ብዬ አስገባሁ። ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ‹የተሳሳተ ቀን› አለኝ። ስልኬ አንድሮይድ ነው።» ያደረጋችሁት፣ የጠበቃችሁት፣ የመጣው። ይህን ካገኘን ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሌላም አለ። መመሪያዎቹን ወደ አማርኛ መመለስ፣ የተመለሰውን አንብቦ «ይህ አማርኛ አይደለም» ማለት፣ አዲስ የመጣውን ሰው ማስተናገድ። የመጨረሻውን ከእኔ የተሻለ የሚሠራ ሰው እየፈለግሁ ነው።

ኮድ እችላለሁ። በምን ልጀምር?

በትንሽ። እባካችሁ በትንሽ። አንዱ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ፕሮጀክቱን እንዳለ በሌላ ቋንቋ ጽፎ ላከልን። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ያን ሁሉ ማን አንብቦ ይጨርሰዋል?

ከሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ለጀማሪ» የሚል ምልክት ያላቸው አሉ። ምን እንደሚመስሉ አንዱን ከቅርብ ላሳያችሁ። የፍለጋ ሳጥናችን የገባለትን ቃል 20 ባይት ላይ ይቆርጥ ነበር (ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ ነው)። ለእንግሊዝኛ 20 ባይት 20 ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ዘዴ) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። አንድ ሰው «ወለተማርያም» ብሎ ይጽፋል። ሰባት ፊደል፣ 21 ባይት። 20 ላይ ሲቆረጥ የመጨረሻዋ ም ተሰንጥቃ በቦታዋ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር ነገር ጉብ ይላል። ወለተማርያም ራሷን አጣች ማለት ነው።

መፍትሔው በባይት መቁጠር ትቶ በፊደል መቁጠር ነው። ሁለት መስመር። የሠራችው ልጅ ግን ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። በሦስቱ ቀን ውስጥ ዩኒኮድ ምን እንደሆነ፣ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም እንደገባ፣ ሙከራ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) እንዴት እንደሚጻፍ ተማረች። አሁን የሌሎችን ሥራ የምትገመግመው እሷ ናት፤ እኔንም ጨምሮ። ታጠብቃለች፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

«ይህን እኔ ልያዘው» ብላችሁ ከሥሩ ጻፉና ጀምሩ። ሁለት ሰው አንድ ሥራ ላይ እንዳይደክም ነው።

ፎርክ፣ ብራንች፣ ፑል ሪኩዌስት ግራ አጋባኝ።

ፎርክ የፕሮጀክቱን ቅጂ ጊትሃብ ላይ (ኮዳችን የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው) በራሳችሁ ስም መውሰድ ነው። እዚያ ላይ ብትሰባብሩትም የእኛን አይነካም። ብራንች ለአንድ ሥራ የምትከፍቱት ጎን መንገድ ነው። ፑል ሪኩዌስት ደግሞ «ይኸው ሠርቻለሁ፣ አይታችሁ አስገቡልኝ» ማለት ነው። አንድ ብራንች፣ አንድ ሥራ። ቀሪው በእጅ ሲነካ ነው የሚገባው። ቅዳሜ ኑና አብረን እንነካካው።

ዳታ ይጨርስብኛል፣ መብራትም ይሄዳል። ይቻላል?

ይቻላል፤ ጊት (የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው መሣሪያ) ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ሊነስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ያሰበው የባሕር ዳርን መብራት አልነበረም፣ ግን ይገጥማል። የፕሮጀክቱ ታሪክ በሙሉ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ሳይኖር ትጽፋላችሁ፣ ኮሚት ታደርጋላችሁ (ለውጡን ትመዘግባላችሁ)፣ የድሮውን ታያላችሁ። ኔትወርክ ሲመለስ አንዴ ትልካላችሁ። ዳታ የጠፋበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ያኔም አንዳንዶቻችን በፍላሽ እየተቀያየርን ሠርተናል።

ዳታችሁ ጥቂት ከሆነ ግን መጀመሪያ ስታወርዱ ክሎኑን (የምታወርዱትን ቅጂ) ጥልቀቱ 1 አድርጉት፤ የመጨረሻው ብቻ ይወርዳል። የድሮው ታሪክ ይቀራል፣ ዳታችሁ ይተርፋል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ትርጉምና አነስተኛ እርማት በስልክም ይሠራል፤ ጊትሃብ ላይ በብራውዘር ከፍታችሁ እዚያው ማረም ትችላላችሁ። ረጅም ኮድ ግን በስልክ አትጻፉ። ሞክሬዋለሁ፣ ዓይኔ ነው የተጎዳው።

አንቱ ልበል ወይስ አንተ?

እንዲህ ሆነ። አንደኛው ገምጋሚያችን 22 ዓመቱ ነው። አዲስ የመጡ አንድ አስተማሪ በጽሑፍ «እርስዎ» እያሉ ሲያናግሩት፣ እሱ «አንተ» ይላቸው ኖሯል። ቅዳሜ በአካል ሲገናኙ ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። አንዲት ልጅ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ «ወንድሜ» ስትባል ከርማ ዝም አለች። ስታስቀን «ፎቶዬ ድመት ስለሆነ ነው» አለች።

እስክትተዋወቁ በአንቱታ ጻፉ፤ አንቱ የተባለ ሰው ተቀይሞ አያውቅም። ስለ ኮድ ስትነጋገሩ ደግሞ ሰውየውን ተዉትና መስመሩን ጥሩ። «ተሳስተሃል» ከማለት «ይህ መስመር ለ2015 ይሳሳታል» ማለት ይሻላል። መስመር አንተም አንቱም አይፈልግም።

ብጠይቅ አላዋቂ አይሉኝም?

ይሉኝታ እዚህ ቤት ብዙ ጎድቶናል። አዲስ ሰው ይመጣል። ፕሮጀክቱን ኮምፒውተሩ ላይ ማስነሳት ያቅተዋል። መጠየቅ ያፍራል። አንድ ሳምንት ለብቻው ይታገላል፣ ከዚያ ይጠፋል። የቸገረው እኮ አንዲት የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) እትም ልዩነት ነበረች፤ የአሥር ደቂቃ ጉዳይ።

አሁን አንድ ልማድ አለን። አንድ ሰዓት ታግላችሁ ካልሆነ ጠይቁ። በግል ሳይሆን በጋራው ቦታ ጠይቁ። በግል ስትጠይቁኝ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እኔ ደግሞ ተኝቼ ሊሆን ይችላል። በጋራ ከሆነ ሌላው ይመልሳል፣ ነገ የሚመጣውም ያገኘዋል። መመሪያው ውስጥ ሄዳችሁ ያልገባችሁ ቦታ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የመመሪያው ነው። አዲስ ዓይን ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እኛ ለምደነው ጉድጓዱን ዘለን ነው የምንሄደው። የተደናቀፋችሁበትን ጽፋችሁ ላኩ። ብዙ ጊዜ የአዲስ ሰው የመጀመሪያ ሥራ እሱ ይሆናል።

ሥራዬን ላክሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ በተለይ የእኔ።

አንድ ልጅ ንጹሕ ሥራ ላከ። ቀኑን በግዕዝ ቁጥር የሚያሳይ ነበር፤ ፲፪፣ ፳፬ እያለ። ያምራል። ግን በጊዜው ከምንሠራው ጋር አይሄድም ነበር። «አይሆንም» ማለት ከበደኝ። ልጁ ለፍቷል። ነገ በጥሩ ቃል እመልስለታለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እየሸሸሁ «ያንተን ነገር እኮ...» ስል፣ «እሱን ተውኩት፣ አልፈለጋችሁትም መሰለኝ» አለኝ። በትህትና ነው ያለው። ተመልሶ አልመጣም።

የእሱ ይሉኝታ እንዳይጠይቅ፣ የእኔ ይሉኝታ እንዳልመልስ አደረገን። አይሆንም ብለው ኖሮ ቢያንስ ይከራከረኝ ነበር። ምናልባትም ያሸንፈኝ ነበር፤ የግዕዝ ቁጥሩን ዘንድሮ ሌላ ሰው ጠይቆን እየሠራነው ነው።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሰው መልስ ይሰጣል። ሥራውን ማንበብ ባይደርስለት እንኳ «አይቼዋለሁ፣ እሑድ አነበዋለሁ» ይላል። ሦስተኛው ቀን ዝም ካልናችሁ «ረሳችሁኝ እንዴ?» በሉ። ነውር የለውም። እንዲያውም ውለታ ነው።

ሥራዬ ቢመለስስ?

ይመለሳል። የሁሉም ይመለሳል። እርማት ሲበዛባችሁ ሰውየው ጊዜውን ሰጥቶ አንብቦታል ማለት ነው። የማትስማሙበት ካለ ምክንያታችሁን ጻፉ። ሙከራ ጨምሮ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይረታል።

ቻትጂፒቲ የጻፈውን ብልክ?

መሣሪያውን መጠቀም አልከለከልንም። የላካችሁትን መስመር ግን ማስረዳት መቻል አለባችሁ። ባለፈው አንዱ በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተጻፈ ቀን መቀየሪያ ላከልን። ያማረ ነው፣ ማብራሪያው ብቻ ገጽ ይሞላል። ጳጉሜ ስድስትን ስናየው «ምንም ካልቀረ» ይላል። የዘጌዋ እናት ትዝ አሉኝ። «ለምን ሦስት አልሆነም?» ብለን ስንጠይቀው ልጁ መልስ አልነበረውም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ክርክሩም ጥያቄውም በአማርኛ ይሁን። ኮዱ ውስጥ ያሉ ስሞችና የኮሚት መልእክቶች ብቻ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ሌላ አገር ያለ ፕሮግራመርም እንዲያነባቸው። እሱም አጭርና ቀላል ይበቃል። ካልሆነላችሁ በአማርኛ ጻፉት፣ አንዳችን እንመልሰዋለን።

ይከፈላል?

እኛ አንከፍልም፤ እኛም አይከፈለንም። ይህን በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም ስድስት ወር ከሠራ በኋላ «መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀን ነበር።

የሚከፍሉ ግን በውጭ አሉ። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትልልቅ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ላይ ለሚሠሩ ጀማሪዎች ይከፍላል። ድሮ ለተማሪ ብቻ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ተማሪ ያልሆኑ ጀማሪዎችም፣ 18 ዓመት ከሞላቸው፣ ማመልከት ይችላሉ። አውትሪቺ የሚባል ሌላ የሚከፍል ፕሮግራምም አለ። ስታመለክቱ የሚጠየቀው «እስካሁን የት ሠራህ?» ነው። እዚህ የሠራችሁት ሁሉ በስማችሁ ተመዝግቦ ይታያል፣ ያንን ታሳያላችሁ።

የቅዳሜው ስብሰባ ስንት ሰዓት ነው?

3 ሰዓት፣ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር። ይህን በሦስት ቃል የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድማችን «3 ሰዓት» የሚለውን በፈረንጁ ወስዶት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቪዲዮ ከፍቶ ለብቻው ተቀምጧል። የቀን መቀየሪያ የሚሠሩ ሰዎች በሰዓት ተሸወዱ ብሎ እስከ ዛሬ ይስቅብናል።

የምንቀመጠው ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ነው። ሶኬት ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ስለሆነ ባትሪያችሁን ሞልታችሁ ኑ። አዲስ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቡና አይከፍልም። ምሳ ላይ አሳ እናዛለን፣ ያኔ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ይነሣል። ከኮድ ክርክራችን ሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው፤ አትግቡበት።

በመሃል ጊዜ ባጣስ?

ፈተና ይመጣል፣ ሥራ ይገኛል፣ ሰርግ ይደገሳል። የያዛችሁት ሥራ ካለ «ለቅቄዋለሁ፣ እዚህ ድረስ ደርሻለሁ» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉና ሂዱ። ምክንያት አንጠይቅም። ከዓመት በኋላ ስትመለሱም «የት ጠፋችሁ?» የሚላችሁ የለም። ዋርካው ሥር ያ ሶኬት ያለው ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ካለ ግን አይነሣላችሁም።